ነጠላ የለበሰው ጠርሙስ

የያዙኝ ሰመራ ላይ፣ ከክፍል ስወጣ ነው፤ ጣቴ ገና በጠመኔ እንደነጣ ነበር። አዋሽ አርባ እስር ቤት አድርሰው ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ሲከቱኝ አሥራ አንድ ሰው ሲሚንቶ ላይ ተጋድሟል። ወለሉ በላብ ረጥቧል። «ግባ እንጂ ወንድሜ፣ ቦታ አለ» አለኝ አንዱ። ምን ቦታ አለ!

ሙቀቱን ለመድኩት። ያልለመድኩት የባለቤቴን ናፍቆት ነው። በአሥራ አምስት ቀን አንዴ፣ አምስት ደቂቃ ብቻ፣ በሽቦ አጥር ማዶ አያታለሁ። ለዚያች አምስት ደቂቃ ከሰመራ ተነስታ ቀኑን ሙሉ አውቶቡስ ላይ ትውላለች፣ ከተማ አድራ ጠዋት ትመጣለች። «ልጆቹስ?» «ደህና ናቸው» ስንባባል ያልቃል።

በሩ ላይ ስንቅ ሁሉ ይከፈታል፤ ያመጣው ሰው ቀምሶ ነው የሚገባው። አንድ እሁድ፣ ጨጓራዬን አሞኝ ስለነበር፣ ሁለት ጠርሙስ ጋዝ ያለው ውሃ ይዛልኝ መጣች። መንገድ ሲንጠው፣ ፀሐይ ሲቀቅለው የመጣ ውሃ ነው። ጠባቂው የአንዱን ክዳን ቢያዞረው ፊቱ ላይ ቱፍ አለበት። ከኮፍያው እስከ ቀበቶው ራሰ።

«ወላሂ፣ ምን ጨምረሽበት ነው?»

«በማርያም፣ ምንም! ከሱቅ የገዛሁት ነው!»

ኃላፊው መጣ። እኔንም አስጠራኝ። አልጮኸም። «አንተ የኬሚስትሪ መምህር አይደለህ? ይሄ ምን እንደሆነ አስረዳኝ። አለዚያ ሴትዮዋ ሁለተኛ እዚህ በር አትደርስም።»

አጥሩ ማዶ የቆመችውን ሚስቴን አየሁና ለክፍል እንደማስረዳ ጀመርኩ።

«ጋዙን ውሃው ውስጥ የሚያስቀምጠው ግፊትና ቅዝቃዜ ነው» አልኩት። «ሲሞቅና ሲናጥ ከውሃው እየወጣ ክዳኑ ስር ይታጨቃል። ክዳኑን ድንገት ሲከፍቱት ግፊቱ ይለቀቃል፣ ውሃውን ይዞ ይወጣል። ሁለተኛው ጠርሙስ ቀዝቅዞ ቀስ ተብሎ ቢከፈት ጠብ አይልም።»

«አሳየኝ።»

አርሼ የምጠቀልልበት ጨርቅ አልተገኘም። ባለቤቴ ነጠላዋን አውልቃ በጠባቂው እጅ ላከችልኝ። ሽታዋ ነበረበት፤ ቧንቧው ስር ለማራስ ሳሳሁ። ግን አራስኩት፤ ጠርሙሱን ጠቅልዬበት ጥላ ስር፣ ነፋስ ላይ አቆምኩት።

«ስንት ይፈጃል?»

«አንድ ሰዓት።» ውሸቴን ነው፤ በዚያ ደረቅ ነፋስ ግማሹ ይበቃው ነበር።

ኃላፊው ወንበር አስመጥቶ ተቀመጠ። መነጋገር አልተፈቀደም። እሷ በዚያ፣ እኔ በዚህ ሆነን ተያየን። የከሳ ጉንጯን አየሁ፣ ሽበቷን አየሁ። «አልቀዘቀዘም?» ይላል ኃላፊው፤ «ገና ነው፣ ጌታዬ» እላለሁ። በሦስተኛው «ገና ነው» ገባት። ሳቋን ለመደበቅ ከንፈሯን ነከሰች።

በመጨረሻ ቀስ አድርጌ ከፈትኩት። ፍስስ አለ፣ አንድ ጠብታ አልፈሰሰም። ባለቤቴ ቀመሰች። «ከእንግዲህም ትምጣ» አለ ኃላፊው፣ ተነስቶ ሄደ።

ነጠላውን ባስቀረው ማንም ልብ አይልም ነበር፤ እጄም አለቅም ብሎኝ ነበር። ግን ሚስቴ አናቷን ሳትሸፍን በዚያ ፀሐይ እንድትመለስ አልፈለግሁም። ጨምቄ፣ አራግፌ፣ ጠርዝ ከጠርዝ አጥፌ መለስኩላት።

ዛሬ ሰመራ፣ ቤታችን ነኝ። ሰዓት የሚቆጥርብን የለም። እሷ ስልኳ ላይ፣ እኔ የተማሪ ፈተና ላይ አቀርቅረን እናመሻለን። እስሩን አልናፍቅም፣ ምን በወጣኝ! ያን ቀን ዓይኗን ሳትነቅል ያየችኝ ሴት ግን ናፍቃኛለች። ያለችውም እዚሁ አጠገቤ ነው።