ቆርቆሮ ያልለበሰው ግቢ

ጅዳ፣ ኑዝላ ሰፈር ውስጥ የተከራየነው ቤት ምድር ቤት ነው። ከኋላው ጠባብ ግቢ አለው። ስንገባ ሲሚንቶ ብቻ ነበር። ቀስ በቀስ በዘይት ጣሳና በተሰነጠቀ ባልዲ ጤና አዳም፣ በሶብላ፣ ናዕናዕና ቃሪያ አበቀልኩበት። አልሐምዱ ሊላህ፣ አፈር በሌለበት ቦታ ይህም ብዙ ነው።

የጎደለው ሲትር፣ ከሰው ዓይን የሚሸሽገን ነገር ነበር። የላይኛው ቤት መስኮት ቁልቁል ግቢያችንን ያያል። ልብስ ለማስጣት እንኳ ጅልባቤን ደርቤ እወጣለሁ። ሴቶች ልጆቼ ሲያድጉ እነሱም እንደኔ መሸፋፈን ጀመሩ፤ በኋላም መውጣቱን ተዉት። በዚያ ሙቀት ቤት ውስጥ ተዘግተው ሲውሉ ማየት አቃተኝ።

የልጆቼ አባት ብየዳ ያውቃል። ብረት ሰበሰበ፣ ቆርቆሮ ገዛ፣ የቤቱን ባለቤትም አስፈቀደ። «ኸላስ፣ በጁምዓ ይመታል፣ ከዚያ ግቢው የናንተ ነው» አለኝ። እኔ ግን ያደግሁት ጎረቤትን ነፋስ መከልከል ሐቅ መንካት ነው እየተባልኩ ነው። የባለቤቱ ፈቃድ የጎረቤትን ፈቃድ አይተካም። ሳምቡሳ ጠብሼ በሳህን ይዤ ወደ ላይ ወጣሁ።

ላይ የሚኖሩት የመካ ተወላጅ አሮጊት ናቸው፤ ካላገባ ልጃቸው ጋር ነው ያሉት። ጉልበታቸው ደረጃ መውረድ ካቃተው ቆይቷል። ከዐስር ሶላት በኋላ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው ወደ እኛ ይመለከታሉ። ቃሪያዬ ትል ሲገባው ከእኔ ቀድመው የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። ትንሿ ልጄ አትክልት አጠጪ ተብላ ባልዲው ውስጥ እግሯን ስትነክር አይተው፣ «ዘንድሮ የሚያድገው ቃሪያው ሳይሆን እግርሽ ነው» ብለዋት ያውቃሉ። ችግሩ መስኮቱ ያለው ልጃቸው ከሥራ መልስ በሚያርፍበት ክፍል መሆኑ ነው። ጨዋ ሰው ነው፤ የውኃ ታንከሩን ለማየት ጣሪያ ሲወጣ እንኳ እኛ እንድንሸፈን «ያ ሳቲር» እያለ ነው። ቢሆንም ወንድ ነው።

በግቢው ላይ ቆርቆሮ ልንመታ መሆናችንን፣ ነፋሳቸውን እንዳይከለክል ዝቅ አድርገን እንደምንሠራው ነገርኳቸው። ከዚያ ሳህኔን ባዶ ላለመመለስ ግድግዳውን እየተደገፉ ወደ ማድቤት ሄዱ። ቆሜ ከምጠብቅ ብዬ ወንበራቸው ላይ ተቀመጥኩ።

ከፊት ለፊት የሚታየው የሌላ ሕንጻ ግድግዳና የማቀዝቀዣዎች ጀርባ ነው። ሌላ ምንም የለም። አረንጓዴ ነገር ያለው ወደ ታች ሲያዩ ብቻ ነው። የእኔ ጣሳዎች ናቸው። ከላይ ሲታዩ እንደዚያ ያማሩ አይመስለኝም ነበር።

ሳህኑን ቴምር ሞልተው መጡ። «ምቺው ልጄ» አሉኝ። «ሴት በገዛ ቤቷ ተከናንባ መሥራት የለባትም። እኔ እድሜ ልኬን አይቻለሁ፤ ይበቃኛል።» ፊታቸው ላይ ቅሬታ ፈለግሁ፤ አላገኘሁም። ቢቆጡ ይቀለኝ ነበር።

ለልጆቼ አባት ነገርኩት። ከፈቀዱ ምን ቀረ አለኝ።

«ሌላ የሚያዩት የላቸውም» አልኩት።

«ታዲያ ቆርቆሮውን አረንጓዴ ቀለም ልቀባላቸው?» አለ። አልሳቅሁም። እሱም ወጥቶ ግድግዳው ላይ የተደገፈውን ቆርቆሮ ብዙ ሲያይ ቆየ። በማግስቱ ራሱ መላ ይዞ መጣ። ቆርቆሮው ይቅር፤ በብረቱ ላይ ሽቦ ይወጠርና ሐረግ ይውጣበት፤ ለእኛ ጥላና ሲትር ይሆናል፣ ለእሳቸው ደግሞ የሚያዩት ነገር። ሐሳቡን ከነቆርቆሮው ለመጣል ያልከበደው ይህ ሰው፣ አላህ እድሜ ይስጠው።

ችግኝ ሻጩ ፀሐይ የምትችል፣ ቶሎ የምትወጣ ሐረግ አሳየን። ስሟ ጀሀነሚያ ነው ሲለኝ ተውኩት። ባሌ እየሳቀ ስም እንጂ እሳት የላትም ቢለኝም፣ ጀሀነም የሚባል ነገር በልጆቼ ራስ ላይ ልዘረጋ አልቻልኩም። ይልቅ የባሌ አክስት ቤት ያለው፣ ያስሚን የሚባለው ሐረግ ትዝ አለኝ።

አክስቱ የሚኖሩት መካ ነው። ቤተሰባቸው እዚያ ከገባ ረጅም ዘመን ነው፤ ልጆቻቸው አማርኛ ይሰማሉ፣ የሚመልሱት ግን በዐረብኛ ነው። ሐረም መስጂድ ሰግደን እቤታቸው ሄድን። ያስሚኑ ግድግዳውን አልብሶታል። መቀስ አምጥተው ሲሰጡኝ እጄን ሰበሰብኩ። መካ ውስጥ፣ በተከበረው የሐረም ክልል ዛፍ መቁረጥ እንደማይፈቀድ ከልጅነቴ አውቃለሁ።

አክስቱ ሳቁ። «የተከለከለው ሰው ሳይተክለው የበቀለው ነው፣ የኔ ልጅ። ይሄን የተከልኩት በዚህ እጄ ነው።»

አመንኳቸው፤ እጄ ግን እምቢ አለኝ። መቀሱን ለልጆቼ አባት አቀበልኩት።

«አሃ፣ ወንጀል ካለው ለእኔ ነዋ» አለና ቆረጠ።

ቅርንጫፎቹን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ ጉልበቴ ላይ ይዤ ተመለስኩ። የስደተኞቹን እስር ቤት ሹመይሲን ስናልፍ እንደ ልማዴ እዚያ ለተያዙት ወገኖች ዱዓ አደረግሁ።

ገሚሱ ደረቀ፤ ገሚሱ ያዘ። ሐረግ ግን ቆርቆሮ አይደለም፤ በአንድ ጁምዓ አይመታም። ሽቦው ባዶውን እንደተወጠረ በጋው ገባ። በዚያው ሰሞን የላይኛው መስኮት ከዐስር በኋላ መዘጋት ጀመረ። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን አልኩ፤ ሳምንት ሲሆነው ታመው ይሆናል ብዬ ወጣሁ።

እዚያው ወንበራቸው ላይ ነበሩ፣ ፊታቸውን ወደ ተዘጋው መስኮት አድርገው።

«ኻላ፣ አሞዎታል?»

ደህና ነኝ አሉኝ። እንዳሉኝ፣ ሐረጉ እስኪደርስ ሴቶች ልጆቼ የሚወጡበት ሰዓት ያስፈልጋቸዋል፤ ከዐስር እስከ መግሪብ ያለው የእነሱ ነው፤ ለልጃቸውም ነግረውታል።

«ያ ሰዓት የእርስዎ ነበር» አልኩ።

«የእኔ ባይሆን እንዴት እሰጥሽ ነበር?» አሉኝ።

ወርጄ ለልጆቼ ነገርኳቸው። ያን ቀን ፀጉራቸውን ፈተው ግቢው ውስጥ ሮጡ። ስቀው ሲጮኹ ዝም ላሰኛቸው ፈለግሁና ተውኩት፤ ወደ ላይ የሚደርሳቸው ድምፃችን ብቻ ነውና።

ከዚያ ወዲህ ያስሚኑን እንደ ሕፃን ጠበቅሁት። የሩዝ እጣቢ አጠጣሁት፣ ቀትር ላይ በአንሶላ አጠላሁለት። በየሱጁዴ አንድ ዱዓ ጨመርኩ፦ ያ ረብ፣ ለእሳቸው አድርስልኝ። ሰው በዚያ እድሜው የሚሰጠው ሰዓት ብዙ የለውም። እሳቸው ግን በጋውን ሙሉ አንድም ቀን መስኮቱን አልከፈቱም፤ መቼ ይደርሳል ብለውም አልጠየቁኝም። የእንዲህ ያለ ሰው ጎረቤት መሆን ከአላህ የተሰጠ ሪዝቅ ነው።

ክረምቱ ገብቶ ሲበርድ ሐረጉ ሽቦውን ሞላው። የልጆቼ አባት ጣሪያ ወጥቶ ቁልቁል አየና ከቅጠል በቀር ምንም አይታይም አለ። መልእክት ላክሁ፤ ቢከፍቱም አንታይም አልኳቸው። እሳቸው ግን እስኪያጣሩ ቆዩ፤ ጣሪያ ሲወጣ የሚታየው ነገር እንዳለ ልጃቸውን ሁለቴ ጠይቀውታል።

አንድ ቀን ከዐስር በኋላ ልብስ እያጠብኩ የመስኮቱን መከፈት ሰማሁ። እጄ ወደ ሻሼ ሊሄድ ነበር፤ መለስኩት።

«ልጄ፣ አለሽ?» አሉ ከላይ።

«አለሁ ኻላ።»

«አበባ አውጥቷል፣ ነጭ ነው። ከታች ይታይሻል?»

ቀና አልኩ። ያስሚን ፊቱን የሚሰጠው ለፀሐይ ነው። ከእኛ በኩል ያለው ግንድና ቅጠል ብቻ ነበር።

«አይታየኝም» አልኳቸው።

«እንግዲያው ልንገርሽ» አሉና ከጥጉ ጀምረው ይነግሩን ጀመር፦ ይሄኛው ፈክቷል፣ ያኛው ነገ ነው፣ በዚህ በኩል ገና እንቡጥ ነው። ልጆቼ ፀጉራቸውን እንደፈቱ አንጋጠው ሰሟቸው።