ቴታ የተጫነችው ቁልፍ

ይህን ለንስሐ አባቴም አልተናገርኩም። ጓደኞቼ የሚያውቁት ግማሹን ነው፦ አሮጊቷ ወደቀች፣ እኔ እሁድ ፈቃድ ላይ ነበርኩ፣ ኸላስ፣ አለቀ። ሌላውን ግማሽ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ስሙኝና የፈለጋችሁትን በሉኝ።

ቤይሩት፣ ሲን ኤል ፊል ሰፈር ውስጥ አንዲት አሮጊት እጠብቅ ነበር። ቴታ ነበር የምላት፣ አያቴ እንደ ማለት ነው። አንቱ አልላትም፤ በዓረብኛ አንቱታ አልለመደብኝም። ልጇ፣ ማዳሜ፣ የምትኖረው ፈረንሳይ ነው። እናቷን ትቼ እሁድ እንድወጣ የፈቀደችልኝ አንድ ሰዓት ገዝታ እጇ ላይ ካሰረችላት በኋላ ነው። ቴታ የጎኑን ቁልፍ ስትጫን ጥሪው ሰዓቱን በሠራው ካምፓኒ በኩል አልፎ የእኔ ስልክ ይጮኻል።

አንድ ቀን መልእክት መጣልኝ፤ የሰዓቱ የጥሪ አገልግሎት በወሩ መጨረሻ ይዘጋል ይላል። ማዳሜ አልደረሳትም፣ የተመዘገበው የእኔ ስልክ ነዋ። ወሩ ሲያልቅ ሞከርኩት። ሰዓቱ አረንጓዴ በራ፤ ስልኬ ግን ጭጭ።

ወደ ሸጠው ሱቅ ይዤው ሄድኩ።

"ምን ሆነ? ሰዓቱን በትክክል ይቆጥራል አይደል?" አለኝ ባለሱቁ።

"አይደውልም። ወይ ቀይርልን ወይ ገንዘቡን መልስ።"

"ያኒ፣ የዘጋው ካምፓኒው ነው፣ እኔ ዕቃ ሻጭ ነኝ። ደግሞ የገዛችው ማዳምሽ ናት፣ አንቺ ምን አገባሽ? መብት ካላት እሷ ትምጣ። ያላ ሐቢብቲ፣ ደንበኛ አለብኝ።"

የማንን ደጅ ልጥና? ለካምፓኒው ብጽፍ የሚመልስ የለም። እስከዚህ ድረስ ጥፋቱ የእኔ አይደለም። ከዚህ በኋላ ያለው ግን የእኔ ነው። ለማዳሜ መደወል እችል ነበር። አልደወልኩም። ብነግራት እሁዴ ይቀራላ! እኔ ለእሁዴ ብዬ ዝም አልኩ። የሞተውን ሰዓት መልሼ ቴታ እጅ ላይ ያሰርኩት እኔ ነኝ። "ተሠራ?" ስትለኝ "ተሠራ" ያልኳት እኔ ነኝ።

በዚያው ሳምንት እሁድ ወጣሁ። ቤተ ክርስቲያን ነበርኩ ብል ደስ ባለኝ። ዶራ ሰፈር፣ ጓደኛዬ ክፍል ፀጉሬን እየተሠራሁ ስስቅ ነበር። ስመለስ ቴታ መታጠቢያ ቤት ወለሉ ላይ ወድቃለች፤ ዳሌዋ ተሰብሯል፤ አውራ ጣቷ አሁንም ቁልፉ ላይ ነው።

"ስጫን፣ ስጫን ዋልኩ" አለችኝ።

ሆስፒታል ሆነን ማዳሜ በስልክ ጮኸችብኝ። ቴታ ስልኩን ተቀብላኝ ምን አለች መሰላችሁ?

"ልጅቷን አትቆጪያት። እጄ ደክሞ በደንብ አልተጫንኩትም።" ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "አይደል?"

"አዎ ቴታ፣ በደንብ አልተጫንሽውም" አልኳት።

ለምን? መባረር ፈርቼ ነው ልበል? እውነት ነው፣ ፈርቻለሁ። የፈራ ሁሉ ግን እንዲህ ያደርጋል?

ሐኪሙ እጅሽን አንቀሳቅሺ ሲላት "ይሄ እጅ ዋጋ የለውም፣ ያን ቀንም ከድቶኛል" ትለው ነበር። እኔ አጠገቧ ቆሜ እሰማለሁ። ከዚያ አልጋ ሳትነሳ፣ የገዛ እጇን እየወቀሰች ሞተች። ካምፓኒውን ማን እንደሚጠይቀው አላውቅም። ቴታን ጥፋተኛ አድርጌ የቀበርኳት ግን እኔ ነኝ። ይቅር ልትለኝ የምትችለው እሷ ብቻ ነበረች፤ እሷ ደግሞ እንደበደልኳት እንኳ ሳታውቅ ሄደች።