ልብረር ብል ሽማግሌ ተላከብኝ

ይህ የሆነው በፈረንጆቹ 2013 በጋ ላይ፣ ሰናይትን ባገባሁ በዓመቱ ነው። ዛሬም ሳሎናችን ውስጥ ኮት የለበሰ ሽማግሌ ተቀምጦ ካየሁ ልቤ ድንግጥ ይላል።

ሲያትል፣ ካፒቶል ሂል ካለው ሥራዬ ወጥቼ ማውንትሌክ ቴራስ፣ ቤታችን ደጃፍ ፓርክ ሳደርግ የጋሽ ወልዴን መኪና አየሁ። ጋሽ ወልዴ ያጋቡን ሽማግሌ ናቸው። ስገባ ከሁለት ጓደኞቻቸው ጋር ሶፋው ላይ ተደርድረዋል። የሰናይት ዓይን ቀልቷል።

 ባል ሳያውቅ ሽማግሌ ቤት ከገባ ነገሩ ምን እንደሆነ ይታወቃል። በቃ፣ ልትፈታኝ ነው አልኩ።

ጋሽ ወልዴ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ "ልጄ፣ ልትበር ነው አሉ" አሉኝ።

"ተመስገን!" ብዬ ቁጭ አልኩ።

ለእረፍት ቀርጤስ ደሴት ልንሄድ ነበር። እዚያ ፓራግላይዲንግ ልሞክር ጓጉቻለሁ፤ ከአብራሪ ጋር ታስሮ በጨርቅ ክንፍ ከተራራ ላይ መብረር ማለት ነው። ሰናይት ግን አባቷ በልጅነቷ ጠዋት ለሥራ እንደወጡ በመኪና አደጋ ቀርተውባታል።

"አይብረር አልልም ጋሼ" አለች። "በሕይወት ይመለስልኝ ነው የምለው።"

"እንግዲያው የሚያውቅ ሰው ይጠየቃ!" አሉ ጋሽ ወልዴ።

ቅዳሜ ሁላችንም ከሲያትል ወጣ ብሎ ወዳለው በራሪዎች የሚያርፉበት ሜዳ ሄድን። አንድ ሽበታም ፈረንጅ ክንፉን እያጣጠፈ ነበር። ነገሩን ስነግረው የሚስቅ መስሎኝ ነበር፤ እሱ ግን ሽማግሌዎቹን አየና ሣሩ ላይ ተቀምጦ ያስረዳን ጀመር፤ እኔ አስተረጎምኩ።

"መነሻውን ትታችሁ ማረፊያውን እዩ። ሰፊ ይሁን፤ ከድንጋይ፣ ከሽቦና ከባሕር ይራቅ። ደሴት ላይ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይበረታል፣ ጠዋት ይሻላል። ከሁሉ በላይ 'ዛሬ አይሆንም' ማለት የሚችል አብራሪ ፈልጉ።"

ጋሽ ወልዴ እዚያው ፈረዱ። "እንዲህ ያለ ከተገኘ ይብረር። ካልተገኘ ግን ልጄ፣ በእግዜር ስም ይዤሃለሁ።"

"እሺ" ብዬ ጉልበታቸውን ሳምኩ።

ቀርጤስ ላይ ያገኘነው የመጀመሪያ አብራሪ ማረፊያው በገደልና በባሕር መካከል ያለች ጠባብ አሸዋ ነበረች። "ኖ ፕሮብሌም!" ሲለኝ ትቼው ሄድኩ። ሁለተኛው ሰፊ ሜዳ ነበረው፤ ግን ነፋሱን አየና "ዛሬ አይሆንም" አለን። በማግስቱም ያንኑ። እኔ አኮረፍኩ፣ ሰናይት ፊቷ በራ።

ልንመለስ ስንል አንድ ጠዋት ያው አብራሪ ኮል አድርጎ ዛሬ እንደሚሆን ነገረን። "ይሄን ሰውዬ አምነዋለሁ፣ ሂድ" ያለችኝ ራሷ ናት።

ሰው ሲጠይቀኝ ባሕሩ ያምር ነበር እላለሁ። እኔ ግን ከላይ ሆኜ የማየው ሜዳው ላይ የቆመችውን ሰናይትን ብቻ ነበር። የመዋኛ ፎጣችንን በሁለት እጇ ዘርግታ፣ እኔ ወዲህ ስዞር ወዲህ፣ ወዲያ ስዞር ወዲያ ትሮጣለች።

እንዳረፍኩ፣ "ፎጣው ምንድነው?" አልኳት።

"ልቀልብህ ነዋ!" አለችኝ፤ ከዚያ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች።

ከዚያ ወዲህ በርሬ አላውቅም፤ አላማረኝምም። ያቺ ፎጣ አርጅታ ዛሬ የልጃችን ሆናለች። ልጃችንን አጥቤ በእሷ ስጠቀልለው፣ ሽማግሌ የሚልክብኝ ሰው ስላለኝ በልቤ ተመስገን እላለሁ።