ወተትና የአሸዋ ብናኝ

ንዴቴ እስከ ዛሬ አልበረደም፤ ይብረድልኝም አልልም።

ከወገዳ ከተማ መውጫ ላይ ባለ አንድ ጋራዥ ውስጥ የአሮጌ ቦቴዎችን ዝገት እናራግፍ ነበር። ኮምፕረሰሩ አየር ይገፋል፣ አየሩ ደረቅ አሸዋ ይተኩሳል፣ አሸዋው ብረቱን ልጦ ነጭ ያደርገዋል። እኔ ውጭ ሆኜ አሸዋውን በወንፊት እነፋለሁ። ታናሽ ወንድሜ አሸዋ የሚተፋውን የጎማ ቱቦ ይዞ ቦቴው ውስጥ ይገባል፤ ሲወጣ ሽፋሽፍቱ ሳይቀር ነጭ ነው። መንገደኛው ሁሉ "ወፍጮ ቤት ተቀጠርህ እንዴ?" እያለ ይስቅበታል። አፍና አፍንጫውን የሚሸፍነው በገዛ ፎጣው ነበር።

አየር በቱቦ የሚገባለት የራስ መሸፈኛ አለ። አይቼዋለሁ እኮ! በፕላስቲክ እንደተጠቀለለ በአሠሪያችን መኪና ውስጥ ተቀምጧል። የሚወጣው ሥራ የሚሰጡት ሰዎች ሊጎበኙ ሲመጡ ነው፤ ፎቶ ተነስተውበት ይመለሳል። "ለምን አይለብሰውም?" ብዬ ብጠይቀው፣ "አንቺ አሸዋሽን ንፊ። ወተት እየሰጠሁት አይደል? ወተት ደረት ይጠርጋል" አለኝ። የወተቱን ነገር አገሩ ሁሉ ያምነዋል፤ አቧራ ላይ የሚውል ሰው ወተት ይጠጣል፣ አለቀ።

ሁዳዴ ሲገባ ወንድሜ ወተቱን ተወ። ጾሙን እንዳይገድፍ አጥብቃ የነገረችው እናታችን ናት። ወተቱ ቀረ እንጂ ሥራው አልቀረም። አሠሪያችን "ተልባ በጥብጠሽ አምጪለት" ብሎኝ መኪናውን ቆለፈ።

አሁን ወንድሜ ከአልጋው ተነስቶ ደጃፍ የሚደርሰው መሐል ላይ አርፎ ነው። ሐኪሙ አሸዋው ሳንባው ውስጥ እንደቀረ፣ ወተት ወደ ሆድ እንጂ ወደ ሳንባ እንደማይሄድ፣ በጾምም በፍስክም ቢጠጣ ለውጥ እንደማያመጣ ነገረን። እናቴ አጠገቤ ቆማ ሰምታለች። ግን አልተቀበለችውም።

"እኔው ነኝ የከለከልሁት" ትላለች። "ከልጄ ጉሮሮ መድኃኒቱን የነጠቅሁ እኔው ነኝ።"

"እማዬ፣ መሸፈኛውን የቆለፈበት ሰውዬ ነው!" ብዬ እጮኻለሁ።

"ተይኝ፤ አንቺ ምን ታውቂያለሽ!"

በቀደም ንስሐ አባቷ ዘንድ ሄደች። እሳቸው ጥፋት የለብሽም ቢሏትም ለምና፣ አልቅሳ፣ ስግደት ተቀብላ ተመለሰች። ሰውዬው ዛሬም በዚያው መኪና በደጃችን ሲያልፍ ጥሩምባ ነፍቶ ሰላም ይለናል። እናቴን ጉልበቷን ያማታል። ጠዋት ጠዋት ግንባሯን መሬት እያስነካች ሰውዬው ለሠራው ኃጢአት እሷ ትሰግዳለች።