ሳሙኤል፣ ወንድ፣ አምስት ዓመት

የንስሐ አባቴ ይህን አያውቁም። ባለቤቴም አያውቅም፤ አሥራ ስምንት ዓመት አብረን ኖረናል። ልጆቼ በሰው ፊት «እናታችን ውሸት አትወድም» ሲሉ ሰምቼ ሥራ እንዳለበት ሰው ወደ ጓዳ ገብቼ አውቃለሁ። ሆድ ይፍጀው ብዬ የያዝኩት ነገር ነው፤ ሆዴ ግን ይኸው እስከ ዛሬ አልፈጀውም። እናንተ ስለማታውቁኝ ለእናንተ ልናገር።

ያደረግኩት ሁለት ነገር ነው። የመጀመሪያው፣ ሳልሄድ ሄጃለሁ ብዬ ጻፍኩ። ሁለተኛውን ስደርስበት እነግራችኋለሁ። አሁን ከተናገርኩት የቀረውን ለመጻፍ እጄ እሺ አይለኝም።

ዘመኑ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ነው፤ ሰው ሁሉ ገና በቀበሌው የሚጠራበት ጊዜ። እኔ ከነርስነት ትምህርት ቤት ከወጣሁ ዓመት አልሞላኝም ነበር። በየካ ተራራ ሥር ባሉ መንደሮች የሳንባ ነቀርሳ ምን ያህል እንደተስፋፋ የሚያጠና ምርምር ተጀምሮ መረጃ ሰብሳቢ ሆኜ ተቀጠርኩ። ሥራው ቀላል ነው። ዕጣ የወጣላቸውን ቤቶች በቁጥራቸው እየፈለግሁ እገባለሁ፤ ማን ማን እንደሚኖር፣ ውኃ ከየት እንደሚቀዱ፣ ቤቱ ስንት መስኮት እንዳለው እጠይቃለሁ። መጨረሻ ላይ ዋናው ጥያቄ ይመጣል፤ ከሁለት ሳምንት በላይ የሚያስል ሰው አለ? አለ ካሉ አክታ የሚቀበሉበት ብልቃጥ ሰጥቼ ናሙናውን ወደ ላቦራቶሪ እወስዳለሁ፤ በሽታው ከተገኘ መድኃኒቱ ቤታቸው ድረስ ይመጣል። የለም ካሉ ቅጹን አጥፌ ወደሚቀጥለው ቤት እሄዳለሁ። ያ ሁሉ ምርምር፣ ያ ሁሉ ሳጥን ሙሉ ወረቀት የቆመው በዚህች አንዲት ጥያቄ ላይ ነበር።

የበላይ ተቆጣጣሪያችን ዶክተር ግርማቸው ይባሉ ነበር። የቁጥር ዶክተር እንጂ የሰው ሐኪም አልነበሩም። ደግ ሰው ናቸው፤ ሥራዬን በደንብ ከጨረስኩ ለማስተርስ የድጋፍ ደብዳቤ ሊጽፉልኝ ቃል ገብተውልኛል። ያ ደብዳቤ ለእኔ ያኔ ምን እንደነበር አትጠይቁኝ።

በመስከረም መጨረሻ አንድ ጠዋት ቤት የሚያሳየን የቀበሌ ሰው ለስብሰባ ተጠርቶ ቀረ። የቀሩኝ አራት ቤቶች ከገደሉ ማዶ፣ ከባሕር ዛፉ በላይ ናቸው። ብቻዬን ወጣሁ። ጉም ወርዶ ነበር፤ ከፊቴ ሦስት ዛፍ እንጂ አራተኛው አይታይም። መሬቱ ከቅጠሉ የተነሣ የራሴን እርምጃ እንኳ አያሰማም። መሐል ላይ ስደርስ ሳል ሰማሁ።

እርጥብ ሳል ነው፤ ከሥር ተነሥቶ የሚመጣ፣ ሲያልቅ ደግሞ ያላለቀ የሚመስል። ቆምኩ። ሳሉም ቆመ። «ማነው?» አልኩ። መልስ የለም። ስራመድ እንደገና ተነሣ፤ አሁን ግን በግራዬ ሳይሆን በቀኜ ነው። ጉም ድምፅን እንደሚያታልል አውቃለሁ፤ ያኔም አውቅ ነበር። ግን ጥቂት እንደተራመድኩ ሳሉ ከኋላዬ፣ እጅግ ከቅርብ መጣ፤ ዞሬ ሳይ ዛፍ ብቻ ነው። እግሬ ራሱ አዞረኝና ወደ ታች ሮጥኩ። የሳንባ በሽታ ፍለጋ የወጣች ነርስ ከሳል ሸሸች። ብትስቁ አልቀየምም።

ሾላ ገበያ ወርጄ ሻይ ቤት ገባሁ። ነገ እመለሳለሁ ብዬ ነበር። ሻዩ ሲመጣ ቅጾቹን አወጣሁ፤ ሻዩ ሳያልቅ አራቱን ቤቶች ሞልቼ ጨረስኩ። እጄ አልተንቀጠቀጠም። ይህን ልብ በሉልኝ፤ አልተንቀጠቀጠም።

ከአራቱ አንዱ ቤት የአቶ ዳና ነው። ከቀበሌው ዝርዝር የማውቀው የእሱን ስም ብቻ ነበር፤ የቀረውን ፈጠርኩ። ሥራው የቀን ሠራተኛ። ውኃ ከምንጭ። መስኮት አንድ። ሴት ልጅ ሰጠሁት፤ ዘጠኝ ዓመቷ፣ ስሟ ሰላማዊት። የሻይ ቤቷ አስተናጋጅ ስም ነው። ወንድ ልጅም ጨመርኩለት፤ ሳሙኤል፣ ወንድ፣ አምስት ዓመት። ሳሙኤል የሚለው ስም ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም። እዚያ ሻይ ቤት ውስጥ ሳሙኤል ተብሎ የተጠራ ሰው አልነበረም፤ ዘመድም ጓደኛም የለኝም በዚያ ስም። ጻፍኩት ብቻ። ከሥሩ፣ ከሁለት ሳምንት በላይ የሚያስል ሰው፤ የለም።

ዶክተር ግርማቸው አንድ ልማድ ነበራቸው። በየጊዜው ከእያንዳንዳችን ቅጾች መካከል እንደ ካርታ በውዘው አንዱን ይመዛሉ፤ ከዚያ መረጃ ሰብሳቢውን ይዘው ያንን ቤት እንደገና ይጎበኛሉ። በሁለተኛው ሳምንት የእኔን በወዙ። የመዘዙት የዳናን ነው።

ያኔ መናገር እችል ነበር። መንገዱ ረጅም ነው፤ ከመኪናው ወርደን በእግራችን አርባ ደቂቃ ወጣን። አርባ ደቂቃ ሙሉ አፌ ውስጥ ይዤው ወጣሁ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነና ዝም አልኩ። የዚያን ቀን ጉም አልነበረም፤ ነገር ግን ወፍ እንኳ አይሰማም ነበር።

ቤቱ ታየን። መስኮቱ አንድ ነው።

ደጃፉ ላይ ከምንጭ የተቀዳ ውኃ በጀሪካን ተቀምጧል፤ የምንጩ ጭቃ ገና ጀሪካኑ ላይ አለ። አንዲት ሴትዮ ከደጅ ተቀምጣ በሰፌድ ምስር ትለቅማለች። ዶክተር ግርማቸው ሰላምታ ሰጥተው፣ «እቺ ሲስተር ባለፈው መጥታ አነጋግራችሁ ነበር?» አሏት። ሴትዮዋ አየችኝ። ረጅም ጊዜ አየችኝ።

«ብዙ ሰው ይመጣል» አለች።

ዶክተሩ ዓይናቸውን ከወረቀቱ ሳያነሡ ማንበብ ጀመሩ። «አባወራ፣ አቶ ዳና።» ራሷን ነቀነቀች። «ሰላማዊት፣ ሴት፣ ዘጠኝ ዓመት።» ግንባሯ ተቋጠረ፤ ልትናገር አፏን ከፈተች። አለቀልኝ አልኩ። እሳቸው ግን ቀጠሉ። «ሳሙኤል፣ ወንድ፣ አምስት ዓመት።»

እጇ ሰፌዱ ላይ ቆመ።

«እስቲ ይድገሙልኝ» አለች።

«ሳሙኤል፣ ወንድ፣ አምስት ዓመት።»

«አዎ» አለች። ድምጿ ተለውጦ ነበር። «አሁን አስታወስኳት። መጥታለች። የጻፈችው ሁሉ ልክ ነው።»

ዶክተሩ ልጆቹ የት እንዳሉ ጠየቋት። ሳሙኤል አያቱ ዘንድ ነው አለች። ወደ ቤት ዞራ «ሰላማዊት!» ብላ ተጣራች። ዝም። እንደገና ጠራች፤ «ሰላማዊት፣ ነይ ውጪ!» የዘጠኝ ዓመት ልጅ የምታክል ቀጭን ልጅ ብቅ አለች። የአስተናጋጅ ስም ሰጥቼ ሻይ ቤት ውስጥ የፈጠርኳት ልጅ በእግሯ ቆማ አየችኝ። እናቷን አየች፣ እንደገና እኔን አየች።

ዶክተሩ ጎንበስ ብለው ወደ ውስጥ ተመለከቱ። የሽመና ዕቃ ተተክሏል፤ ግማሽ የተሠራ ነጠላ አለበት። «የቀን ሠራተኛ ነው የሚለው?» አሉ። «የጎረቤት ዕቃ ነው፤ አስቀምጡልን ብለውን ነው» አለች፣ ሳታመነታ።

ይህን ጊዜ ከመጋረጃው ጀርባ ሳል ተሰማ። ያ ሳል ነው። ጉም ውስጥ ከኋላዬ የመጣው፣ አልቆ የማያልቀው።

ዶክተር ግርማቸው ወደ እኔ ዞሩ። «ሲስተር፣ ይህ ሳል ምንድን ነው?»

ሴትዮዋ ሰፌዱን መሬት አስቀመጠች። እኔን ነው ያየችው። ጠበቀችኝ። ለእኔ ስትል ሁሉንም አዎ ያለች ሴት፣ አሁን ተራው የእኔ ነው ብላ ጠበቀችኝ። ቦርሳዬ ውስጥ ብልቃጦቹ ነበሩ። ስራመድ ሲንኳኩ እሰማቸው ነበር።

«ጭስ ነው» አልኩ።

ሁለተኛው ይህ ነው። ጭስ ነው አልኩ። ምድጃው አልተለኮሰም ነበር። ጭስ ነው አልኩ፣ ነርስ ስለሆንኩ ታመንኩ፣ ዶክተሩ ፈረሙ። ስንወርድ «እንዳንቺ ጠንቃቃ ልጅ አላየሁም» አሉኝ። ደብዳቤውን ጻፉልኝ።

ከዚያ ለወራት ብዕር መያዝ ፈራሁ። የጻፍኩት ሁሉ የሚሆን መሰለኝ። መስኮቱ፣ ምንጩ፣ ሰላማዊት፣ ሳሙኤል፤ እኔ ሻይ ቤት ተቀምጬ ያልኩትን ተራራው ላይ ማን አቆመው? በሕልሜ ያቺ ልጅ ትመጣና ስሟን ትጠይቀኛለች። አሁን ሳስበው ያ ፍርሃት ድሎት ነበር። መንፈስ ስፈራ ስለ ሰውየው ሳንባ አላስብም ነበርና።

በሚያዝያ የማስተርስ ትምህርት ዕድል ማግኘቴን በሰማሁ ማግስት ብቻዬን ወጣሁ። ለምን አሁን? ደብዳቤው እጄ ከገባ በኋላ ስለሆነ ነዋ። ቤቱ ተዘግቷል። ከጎን ካለው አጥር አንዲት እናት ብቅ አሉ።

«ማንን ፈልገሽ ነው ልጄ?»

«አቶ ዳናን።»

«ነፍሱን ይማር። በጥር ነው የሞተው። እንደዚያ ሲያስል ከርሞ። ሚስቱም አስቴርን ይዛ አገሯ ገባች፤ ደቡብ ናቸው እኮ።»

«አስቴር ማናት?»

«ልጅቷ ናታ።»

«ሰላማዊት አይደለችም እንዴ?»

«የምን ሰላማዊት አመጣሽ? አስቴር ነች፤ እኔው ነኝ እትብቷን የቆረጥኩት።»

«ሳሙኤልስ?» አልኩ።

«እሱን ማን ነገረሽ?» አሉ ሴትዮዋ። «ሐምሌ ላይ ቀበሩት። አምስት ዓመቱ ነበር።» ከዚያ ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው፣ «አንቺ ወረቀት የያዝሽዋ ሲስተር ነሽ?» አሉኝ። መልሼ ሳልጨርስ ቀጠሉ። «እናቱ ስትሄድ አደራ ብላኛለች። ያቺ ሲስተር ከመጣች፣ ሳሙኤል አለ ተብሎ የተጻፈበትን ወረቀት ታስቀምጥልኝ፣ አንድ ቀን መጥቼ እወስደዋለሁ ይበሏት ብላለች።»

«አስቴርስ ደህና ነበረች?» አልኳቸው።

«ስትሄድ ታስል ነበር» አሉ።

ምነው መንፈስ በሆነ ኖሮ። እኔን ከውርደት ልታድነኝ ነው ያልኳት እናት፣ መንግሥት የሚያውቀው አንድ ወረቀት ልጇን በሕይወት ካሉት ጋር ሲቆጥረው ሰማች። ያንን ላለማጣት የሴት ልጇን ስም ለወጠች፣ የባሏን የሽመና ዕቃ የጎረቤት ነው አለች። በመጨረሻም ባሏን እንድታድንላት አንዲት ነርስን አየች፤ ነርሷ ጭስ ነው አለች። ሳሙኤል የሚለውን ስም እንዴት እንደጻፍኩት እስከ ዛሬ አላውቅም። የማላውቀው ግን ያንን ብቻ ነው፤ የቀረውን ሁሉ እያወቅሁ ነው ያደረግኩት።

አገሯ የአንድ ቀን የአውቶቡስ መንገድ ነው። አልሄድኩም። ትምህርቴ ሊጀምር ነበር አልኩ፤ ከዚያ ሠርጌ ነበር፤ ከዚያ ልጅ ወለድኩ። ዛሬ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም እኖራለሁ፤ ወጣት መረጃ ሰብሳቢዎችን አሠለጥናለሁ። ቤቱ ሩቅ ነው ብላችሁ እንዳትዘሉ ስላቸው ይጽፉታል። ከየት እንደማውቀው የጠየቀኝ የለም።

ቅጾቹ ወደ ኮምፒውተር ገብተው ወረቀቱ ሊቃጠል ሲል የዳናን ቤት መዝዤ አወጣሁት። መሳቢያዬ ውስጥ ነው። ላም እሳት ወለደች፤ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት ይላሉ፤ እኔም እንዲሁ ሆንኩ። ወረቀቱን ውሸት ነው ብዬ ብሰርዘው፣ ያ ልጅ ካለበት የመጨረሻ ቦታ እሰርዘዋለሁ። ብተወው በዚያ ምርምር ውስጥ አንድ ጤነኛ ቤተሰብ ለዘላለም ይቆጠራል። ይህን ያልኩት ለማመካኘት አይደለም። ምክንያት ቢኖረኝም አትቀበሉኝ።

ይቅርታ ከእናንተ አልጠይቅም፤ እናንተ የምትሰጡኝ አይደለም። የሚሰጡኝ ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንዱ ሞቷል። ሌላዋ እስከ ዛሬ ወረቀቷን ልትወስድ አልመጣችም።

ሳሙኤል መሳቢያዬ ውስጥ አምስት ዓመቱ ነው፤ ጤነኛ ነው። የአስቴርን ግን አላውቅም።