ፀሐይ በማትጠልቅበት አገር ጾም

ትናንት ከሰዓት በኋላ ወልቂጤ ቤቴ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ለሳምቡሳ የሚሆን ምስር ስለቅም ስልኬ ጮኸ። የድምፅ መልእክት ነው። የላከው ድሮ ጂኦግራፊ ያስተማርኩት ልጅ ነው፤ አሁን ደቡብ ዋልታ ላይ፣ በረዶ መሀል በተሠራ የምርምር ጣቢያ ውስጥ የአየር ጠባይ ይከታተላል። ነፋሱን ይለካል፣ ቅዝቃዜውን ይለካል፣ ደመና ሲኖር ደመናውን ያያል። "ቲቸር ዘይነባ፣ ረመዳን ሙባረክ" ይላል፤ ከኋላው ነፋሱ ያፏጫል። "እዚህ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ዙሪያችንን ትዞራለች እንጂ አትወርድም። እኔ በመካ ሰዓት እያፈጠርኩ ነው። ጓደኞቼ ይሄን ማን ነገረህ ሲሉኝ፣ አስተማሪዬ አልኳቸው።"

ሳቄ መጣ፣ ከሳቄም ጋር እንባዬ። ነግሬዋለሁ፣ እውነት ነው። ለእኔ የነገሩኝ ሰዎች ግን ሌሎች ናቸው፤ እነሱ ባይኖሩ ኖሮ ዛሬ ማንም ቲቸር ብሎ አይጠራኝም ነበር።

እኔ የእንሴኖ አካባቢ ልጅ ነኝ። አባቴ ከድር በርበሬ ገበሬ ነበር። ስምንተኛ ክፍል እያለሁ ከሰኞ እስከ አርብ ቡታጅራ አክስቴ ቤት አድርና ለቅዳሜና እሁድ ወደ ቤት እመለስ ነበር። መንገዱ ያን ጊዜ አስፋልት አያውቅም፤ በጭነት መኪና ላይ ከጆንያ ጋር ተጭኜ ስደርስ እናቴ ከማቀፏ በፊት አቧራዬን ታራግፋለች። ወሩ ሚያዝያ ነበር፣ የበልግ ወቅት። ደመናው ከዘቢዳር ተራራ ላይ ወረድ ይልና ሰውን ሁሉ አስጎምጅቶ ተመልሶ ይወጣል። የበርበሬው ችግኝ መደቡ ላይ ጠውልጓል። አባቴ ጧት ጧት ሰማዩን አይቶ "ዛሬም ዋሽቶናል" ይላል። በዚያ ላይ ያን ዓመት ረመዳንና ሁዳዴ ተገጣጥመው ስለነበር ቡታጅራ ውስጥ ቀን ቀን ምግብ ቤቶቹ ሁሉ ጭር ብለው ነበር።

ጂኦግራፊ የሚያስተምረን መምህር ይሄይስ ከጎጃም የመጣ ወጣት ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጠመኔ በያዘው እጁ ጸጉሩን እያሻሸ ያለ ዕድሜው ሽበት የሚያወጣ ሰው። አንድ ቀን መጽሐፉን ዘግቶ ስለ ደቡብ ዋልታ ነገረን። እዚያ ሰዎች በረዶ ላይ ቤት ሠርተው የአየሩን ጠባይ ሲለኩ ይኖራሉ አለን። ነፋሱ ከከፍታው በረዶ ላይ ተንደርድሮ ሲወርድ ሰው ይጥላል። ከሰማይ የሚወርደው ግን ከበረሃ የማይሻል ጥቂት ነው፤ ያ ሁሉ በረዶ የተከማቸው የወረደው ሳይቀልጥ እየቆየ ነው። ዓመቱ ደግሞ እንደ አንድ ቀንና እንደ አንድ ሌሊት ነው፤ ግማሹን ፀሐይ አትጠልቅም፣ ግማሹን አትወጣም። የዚያን ቀን ሽሮ ቢያበሉኝ ምን እንደበላሁ አላውቅም ነበር፤ ደግነቱ ጾም ነበርኩ።

ቅዳሜ ማታ ስናፈጥር ይህንኑ ለቤተሰቡ ዘረገፍኩት። እናቴ የአብሽ ብርጭቆዋን እንደያዘች "እዚያ ያለ ሰው ታዲያ ጾሙን መቼ ይፈታል?" አለች። አባቴ "መምህሩን ጠይቂልን" አለኝ። የቤተሰብ መልእክተኛ ሆኜ ሰኞ ክፍል ውስጥ እጄን አወጣሁ። ልጆቹ ሳቁ። መምህር ይሄይስም አብሮ ሳቀና "አትጨነቂ ዘይነባ፣ እዚያ ጿሚ የለም፤ ፔንግዊን የሚባል ወፍ ብቻ ነው ያለው" አለኝ።

እኔ ሞኟ ቅዳሜ ማታ ቃል በቃል አደረስኩት።

አባቴ ሲቆጣ ድምፁን ዝቅ የሚያደርግ ሰው ነበር። ቴምሩን ሰሃኑ ላይ መለሰና "ጾማችንን ለወፍ መሳቂያ የሚያደርግ ትምህርት ይቅርብሽ" አለ። በቃ። ይህን ያለው ደግሞ ስልጤ በኩል ካለ ቤተሰብ ሽማግሌ በተላከብኝ ሰሞን ነው። ከትምህርት ቤት ከቀረሁ ቀጥሎ የሚመጣውን እናቴም አውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ። ሰኞ መጣ፣ አልሄድኩም። የእንሰት ቅጠል እየቆረጥኩ ዋልኩ፤ ማክሰኞም እንደዚሁ። ሰው ለምን ቀረሽ ቢለኝ በፔንግዊን ምክንያት የምል ይመስለኝና እፈራ ነበር።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ መምህር ይሄይስ ከአቧራ ተወልዶ እንደመጣ ሆኖ ደጃችን ቆመ። ወሬው የደረሳት አክስቴ ትምህርት ቤት ድረስ ሄዳ የቀረሁበትን ምክንያት ነግራው ኖሯል። አባቴ ከሩቅ ሲያየው የመንደራችንን ሼህ ሱሩርን አስጠራ፤ ነገር ሲከብደው ብቻውን መሸከም አይወድም። ሦስቱም ጓሮ፣ እንሰቱ ጥላ ሥር ምንጣፍ ላይ ተቀመጡ። እኔ ከእናቴ ጋር ከበሩ ኋላ ቆሜ እሰማለሁ።

"ጋሽ ከድር" አለ መምህሩ፣ "ልጅዎ የጠየቀችኝ ደህና ጥያቄ ነበር። መልሱን ስለማላውቀው ቀለድኩበት። አጥፍቻለሁ፤ እሷ ግን በእኔ አፍ ጥፋት መቀጣት የለባትም።"

"ቀልድህ ደርሶናል" አለ አባቴ።

ነገሩ እናቴን አስጨነቃት። እንግዳ ደረቁን ተቀምጦ አታይም፤ ክርስቲያን ስለሆነ ደግሞ ቀን ላይ ይበላል ብላ ገምታለች። ቆጮ በጎመን አዘጋጅታ "በቅቤ ነው በዘይት? በይው" ብላ ገፋችኝ። ወጥቼ አንገቴን ደፍቼ ጠየቅኩት።

"በዘይት ይሁን፣ ሁዳዴ ነው" አለኝ። "አሁን ግን አልበላም። አብረን እናፈጥራለን።"

አባቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አየው። "አንተም ጾም ነህ?"

"አዎ፣ ከጧት ጀምሮ።"

"እናንተስ እስከ ስንት ሰዓት ነው?"

"ሌላ ጊዜ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው።"

አባቴ አሰበ። ሲያስብ ጢሙን በሁለት ጣት ይይዛል። "እሺ፣ ያ ያልከው አገር ብትሄድ ዘጠኝ ሰዓት መሆኑን በምን ታውቃለህ? ፀሐይዋ ሳትወርድ እየዞረች?"

መምህር ይሄይስ ጸጉሩን አሻሸ። "እውነትዎን ነው" አለ። "ለራሴም አላሰብኩበትም። አላውቅም።"

ቀድመው የሳቁት ሼህ ሱሩር ናቸው። "እንግዲያ ሁለታችሁም እዚያ ብትሄዱ በረሃብ ልታልቁ ነው" አሉ። አባቴም መሳቁን ለመደበቅ ዞር አለ፤ ትከሻው ግን አጋለጠው። ከዚያ ሼሁ ምንጣፉ ላይ ተመቻችተው አስረዱ። በመጨረሻው ዘመን አንድ ቀን እንደ ዓመት የሚረዝምበት ጊዜ እንደሚመጣ ለቀደሙት ሰዎች ከነቢዩ ተነግሯቸው ነበር፤ እነሱም የጠየቁት የእናቴን ዓይነት ጥያቄ ነው። የሶላቱን ሰዓት ገምታችሁ ስገዱ ተባሉ። "ስለዚህ እዚያ ያለ ሰው ቀንና ሌሊቱ የሚለይበትን አገር ሰዓት ይይዛል፤ መካን ቢይዝም ያምርበታል። አላህ ባሪያውን በፀሐይ አያስጨንቅም" አሉ።

እናቴ አጠገቤ "አልሐምዱሊላህ" ስትል ሰማኋት። ያን ሁሉ ቀን ለማታውቃቸው ሰዎች ስትጨነቅ ነበር።

አባቴ ግን ጥያቄው አላለቀም። "ሰዎቹ እዚያ ብርድ ውስጥ ምን ያደርጋሉ?" አለ። መምህሩ የሚያውቀውን ነገረው፤ የዋልታው ቅዝቃዜ ነፋሱንና ባሕሩን እንደሚገፋ፣ የአንዱ አገር አየር ከሌላው ጋር የተያያዘ እንደሆነ፣ ጣቢያው የሚለካው ያንን ለመረዳት መሆኑን።

"የእኛንም ዝናብ?"

"እሱንም ይነካል ይላሉ፤ እንዴት እንደሆነ ገና እየፈለጉ ነው።"

አባቴ ወደ ችግኙ መደብ አየ። ዝናብ የጠበቀ ሰው፣ ዝናብን ለማወቅ ብሎ በረዶ ላይ የሚቀመጠውን ሰው እብድ ነው ሊለው አልቻለም መሰለኝ። "ጠያቂ ያስፈልጋቸዋላ" አለ። ከዚያ ድምፁን ሳይቀንስ ጠራኝ። "ዘይነባ! ነገ ከመምህሩ ጋር ትሄጃለሽ።"

አዛን ሲል ሁላችንም በቴምር አፈጠርን፤ መምህሩ ቆጮውን በዘይት ጎመን እስኪያልበው በላ። ዝናቡ ያን ሳምንትም አልመጣም፤ እኔን ግን ግድ አልሰጠኝም።

በማግስቱ አባቴም አብሮን ተሳፈረ። ክፍል ድረስ ገብቶ፣ ጥምጣሙን አስተካክሎ፣ የኋላ ዴስክ ላይ ከእግሩ ጋር እየታገለ ተቀመጠና ትምህርቱን እስከ መጨረሻው ሰማ። ማንም አልሳቀም። የስልጤዎቹ ሽማግሌዎች ተመልሰው ሲመጡም "ልጄ ገና ጥያቄ ላይ ናት" ብሎ ሸኛቸው።

አባቴ ከሞተ ቆየ፤ ሼህ ሱሩርም አልፈዋል። መምህር ይሄይስ በዓመቱ ተዛወረ፤ ብዙ አፈላልጌ አጣሁት። አንዳንዴ ሳስበው፣ ያን ቀን ወይ መምህሩ አላውቅም ማለትን ቢያፍር፣ ወይ አባቴ ቂሙን ቢመርጥ፣ ሕይወቴ እዚያው በር ኋላ ቆማ ትቀር ነበር። አልቀረችም። ይህን ያህል ተደርጎልኝ ማመስገን ባላውቅበት ምን ሰው ነኝ?

ስለዚህ በየማታው ስናፈጥር፣ ዱዓ ሳደርግ፣ የመምህር ይሄይስን ስም ከአባቴ ስም አስከትዬ እጠራለሁ። ትናንት ማታ ልጄ ሰማችኝና ሳምቡሳዋን አስቀምጣ "እማ፣ እሱ ክርስቲያን አይደል እንዴ? እንዲህ ይፈቀዳል?" አለችኝ።

"ጥሩ ጥያቄ ነው፣ የሰፈራችንን ሼህ ጠይቂልኝ" አልኳት። "መልሱ እስኪመጣ እኔ አላቆምም።"