የባለ ካባው እናት የት ደረሰች?

ባለፈው ክረምት ባሕር ዳር መብራት ጠፍቶ፣ ከቤታችን ፊት ለፊት ያለው ፀጉር ቤት ጄኔሬተሩን ሲያስነሳ፣ እንደ ጉንፋናም ሰው አሳስሎት ከዚያ መንተክተክ ሲጀምር ሰምቼ የምከትፈውን ሽንኩርት ትቼ ቆምኩ። የናፍጣው ሽታ ከዝናቡ ሽታ ጋር ተቀላቅሎ በመስኮት ሲገባ፣ ፍኖተ ሰላም የነበረው የእናቴ ቪዲዮ ቤት፣ ዝናብ ያበሰበሰውን ጋቢያቸውን እንደ ለበሱ አግዳሚው ላይ የተጣበቡት ገበያተኞች፣ በሩ ላይ በትር ይዛ የምትቆመው እናቴ ፊቴ ድቅን አሉ።

ቪዲዮ ቤት የምንለው የሳሎናችንን ግማሽ ነበር። አባቴ አንተነህ እንደ ብዙው የአገራችን ሰው በየዓመቱ ሐምሌ ላይ ለሰሊጥ ሥራ መተማ ይወርድና ኅዳር ላይ ይመለስ ነበር፤ አንድ ኅዳር ታዲያ ቴሌቪዥንና ዴክ በጋቢው ጠቅልሎ፣ ሕፃን እንዳቀፈ ሰው እየተጠነቀቀ ከአውቶቡስ ወረደ። እሱ ያሰበው እኛው ተሰብስበን እንድናይበት ነበር። እናቴ እናኑ ግን ሥራ የፈታ ነገር ስታይ የሚያማት ሴት ነበረችና፣ «ይህ ዕቃ ከሚጎለት ይሥራ እንጂ» ብላ ሳሎኑን በሸራ ከፍላ፣ አግዳሚ ወንበር አስመትታ፣ ጄኔሬተር ተከራይታ፣ ቅዳሜና እሑድ ከሰዓት በኋላ ፊልም ማሳየት ጀመረች። አባቴም እንደ ማንኛውም ተመልካች በሩ ላይ ተሰልፎ፣ «ለአባወራ ነፃ ነው አይደል?» እያለ ይቀልድባት ነበር።

ፊልሙን የሚተረጉምልን የእናቴ ታናሽ ወንድም ይበልጣል ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስለነበረ እንግሊዝኛ ያውቃል ተብሎ፣ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ አርጩሜ ይዞ ቆሞ እያመለከተ ይናገር ነበር፤ ያልገባውን ከመዝለል ደግሞ ከራሱ መጨመር ይቀለው ነበር። በእሱ አፍ የውጭ አገር ፖሊስ በሥላሴ ይምላል፣ ባንክ ዘራፊውም ተከቦ መውጫ ሲያጣ ሽማግሌ ይላክልኝ ይላል። ማንም አልተቀየመውም፤ እንዲያውም ፊልሙን የምንወደው በእሱ ምክንያት ነበር።

ከሁሉም አስበልጠን የምናየው አንድ ቀይ ካባ ለብሶ የሚበር ጀግና ነበር። ካባ ያየነው በሙሽራና በካህን ትከሻ ላይ እንጂ ሰማይ ላይ አልነበረምና፣ የፊልሙን ስም ትተን ባለ ካባው እንለው ነበር። ፊልሙ ሲጀምር የባለ ካባው ቤት በእሳት ይያያዛል፤ እሱም ኃይሉን ያገኘው ያን ጊዜ ነውና እናቱን ከእሳቱ መሐል ተሸክሞ አውጥቶ፣ ጎረቤት ደጃፍ ላይ አስቀምጦ፣ «መጣሁ» ብሏት ይበራል። ከዚያማ ከተማ ያድናል፣ የሚፈርስ ድልድይ በትከሻው ይደግፋል፣ ጠላቱን ወንዝ ውስጥ ይጥላል፣ ሕዝብም አደባባይ ወጥቶ ሲያጨበጭብለት ያልቃል። እናቱን ግን ዳግመኛ የሚያነሳት የለም።

አንድ ዓይኗን ሾልኮ በሚገባው ላይ፣ አንዱን ፊልሙ ላይ አድርጋ የቆመች እናቴ ይህን እንዲሁ ልታልፈው አልቻለችም። ሕዝቡ ሲያጨበጭብ ከበሩ ሆና «እናቲቱስ?» አለች።

«የቷ እናት?» አለ ይበልጣል ደንግጦ።

«ደጃፍ ላይ ጎልቶ የተዋት ናታ! መጣሁ ብሏት ነው እኮ የሄደ። ማን አስጠጋት? ምን በልታ አደረች?»

«ዘመድ ቤት ሄዳለች።»

«የትኛው ዘመድ? እስካሁን ዘመድ እንዳላት መች ነገርከን?»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። አባቴ ወንበሩ ላይ እንደ ተቀመጠ ዞሮ፣ «አንቺ ሴት፣ ፊልም ነው እኮ! ጀግና ሥራ አለበት፣ ምን ያስጨንቅሻል?» አላት። እናቴ አልሳቀችም። በሚቀጥለው ቅዳሜም ያንኑ ጠየቀች።

ከዚያ ወዲህ የፊልም ቀዳዳ መፈለግ የቤታችን ልማድ ሆነ። ዝናቡ እስኪያባራ ገበያተኛው ጣራው ሥር ተጠልሎ ሲሟገት እኔም እግራቸው ሥር ቁጭ ብዬ እሰማ ነበር። አንዱ የቡሬ በርበሬ ነጋዴ፣ ባለ ካባው ዓይኑን ብቻ ሸፍኖ ሲመጣ ጎረቤቶቹ እንዴት አጡት፣ እኛ ሰውን ከአጥር ወዲያ በሳሉ እንለየው የለም ወይ ብሎ የምሩን ይቆጣ ነበር። ወንዝ ውስጥ የወደቀው ጠላትስ? እኛ ልጆቹ በዚህ ላይ የማይሻር ሕግ ነበረን፤ ሬሳው ካልታየ ሰውዬው አልሞተም፣ በሌላ ፊልም ይመለሳል። ብዙ ጊዜም ልክ እንሆን ነበር።

በተከታዩ ሐምሌ አባቴ እንደ ልማዱ መተማ ሊወርድ ሲነሣ መናኸሪያ ድረስ ሸኘሁት። ከአውቶቡሱ መስኮት እጁን አውጥቶ ራሴን ዳሰስ አደረገኝና «ለኅዳር ሚካኤል መጣሁ፣ ትርንጎዬ» አለኝ። ኅዳር ሚካኤል ደረሰ፣ አለፈ። አብረውት የወረዱት ሁሉ ተመለሱ፤ ወደ ሌላ እርሻ ተሻግሮ ነበር ከማለት በቀር የሚያውቁት አልነበራቸውም። ጥምቀት አለፈ፣ ፋሲካም አለፈ። እናቴ መተማ ደርሶ የመጣ ሰው በሰማች ቁጥር ነጠላዋን አጣፍታ ትሄድና፣ አፏን ገጥማ ትመለስ ነበር። ፊልሙ ሲያልቅ «እናቲቱስ?» ማለቷን አልተወችም፤ አሁን ግን የሚስቅ አልነበረም።

እንደገና ክረምቱ መጥቶ ሲወጣ፣ መስከረም ላይ የአባቴ ታላቅ ወንድም አያ ጫኔ ከቡሬ ገጠር ሽማግሌዎች አስከትለው መጡ። እኔ ከሸራው ጀርባ ነበርኩ።

«እናኑ፣ ዓመት አለፈው እኮ። ወባ ነው የወሰደው አሉ። ተዝካሩን እናውጣለት፣ ነፍሱ ያለ ፍትሐት አትንከራተት» አሉ።

«ማን አለ?»

«ሰው ነዋ። ከዚያ የመጣ ሰው።»

«ስሙ ማን ይባላል ሰውዬው? የት ቀበሩት? የትኛው ቤተ ክርስቲያን?»

አያ ጫኔ ጢማቸውን ዳበስ ዳበስ አድርገው፣ «እንግዲህ አብረውት የነበሩት ቀብረውት ይሆናላ» አሉ። ይህን ድምፅ አውቀዋለሁ። ይበልጣል ያልገባው ቦታ ሲደርስ የሚያወጣው ድምፅ ነበር። አያ ጫኔ ክፉ ሰው አልነበሩም፣ ወንድማቸውን ይወዱ ነበር፤ ማልቀስም ተስፋ ማድረግም ያልቻለ ሰው ድካም ነው ያናገራቸው። ተዝካሩ ከወጣ ግን አባቴ ሞተ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የሚፈልገው አይኖርም፤ ቡሬ ያለው እርሻም ወደ ወንድሞቹ ይዞራል፤ እናቴም በሕይወት ይኑር አይኑር ላላወቀችው ባል ጥቁር ትለብሳለች። ሕጋችንን ለራሴ ደጋገምኩት፦ ሬሳው አልታየም፣ ሬሳው አልታየም።

አንደኛው ሽማግሌ፣ «አይ ልጄ፣ ላም አለኝ በሰማይ እንዳይሆንብሽ» አሏት በሐዘኔታ።

«እንግዲያው ሄጄ ላሟን አያታለሁ» አለች እናቴ። «እስክመለስ ድረስ ለተዝካር ብሎ ጌሾ የሚወቅጥ እንዳይኖር። አደራ፣ አያ ጫኔ።»

መስቀል እንዳለፈ፣ መንገዱ ሲደርቅ፣ ለአጨዳ ከሚወርዱት ወንዶች መሐል አውቶቡስ ላይ አንድ ወንበር ይዛ ሄደች። ሴት ብቻዋን መተማ ወረደች ተብሎ ሰፈሩ ብዙ አወራ። እሷ መናኸሪያ ላይ ያለችኝ ግን አጭር ነበር፤ «የማመጣልሽን አላውቅም፤ ሳላውቅ ግን አልመለስም።» እንደ አባቴ መጣሁ አላለችም።

ያን ጊዜ እኔም የራሴን ፍለጋ ያዝኩ። ባለ ካባው በታየ ቁጥር ከፊት ቁጭ ብዬ፣ መጨረሻ ላይ አደባባይ የወጣው ሕዝብ መሐል እናቱን እፈልግ ነበር። አንዲት ባርኔጣ ያደረጉ አሮጊት ጥግ ላይ ሲያጨበጭቡ አየሁና «ናት! ናት!» ብዬ ጮህኩ፤ ይበልጣል ካሴቱን ወደ ኋላ መልሶ አሳየኝ፤ ሌላ ሰው ነበሩ። ተስፋ አልቆረጥኩም። እሷን ካገኘሁ እናቴም አባቴን የምታገኘው ይመስለኝ ነበር።

ጤፍ በሚታጨድበት ሰሞን እናቴ ከአውቶቡስ ስትወርድ መጀመሪያ ያየሁት ነጠላዋን ነው። እንደ ሐዘንተኛ አላዘቀዘቀችውም። በደስታ ዘልዬ ከኋላዋ የሚወርደውን መጠበቅ ጀመርኩ፤ አንድ ሽማግሌ ወረዱ፣ ወታደር ወረደ፣ ረዳቱ በሩን ዘጋው። እናቴ እጄን ይዛ ወደ ቤት ወሰደችኝ፤ ታጠበች፣ ውኃ ጠጣች፣ ይበልጣልንም ጠርታ አስቀመጠችን።

«አባትሽ በሕይወት አለ» አለችኝ። «ጤነኛ ነው። እዚያ ቤት ሠርቷል፣ ሚስት አግብቷል፣ ልጅም ወልዷል። ደንግጦ አለቀሰ፤ እመጣለሁም አለኝ። ጥዬው የመጣሁት እኔ ነኝ። እንግዲህ አይመጣም፣ ትርንጎ።»

«ሬሳው ካልታየ ይመለሳል እኮ!» አልኳት።

«እሱ በፊልም ነው፣ ልጄ» አለችኝና፣ ከመተማ ጀምሮ ይዛው የነበረውን እንባ ያን ጊዜ ለቀቀችው። ሦስታችንም ተቃቅፈን አለቀስን። ባየኋቸው ፊልሞች ሁሉ ሰው ወይ ይሞታል ወይ ይመለሳል፤ ሳይሞትም ሳይመለስም የሚቀር ሰው እንዳለ ማንም ተርጉሞልኝ አያውቅም ነበር። አባቴን ጠላሁት፣ ናፈቅሁትም፤ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ይቻላል።

አያ ጫኔ ሲመጡ እናቴ በሙሉ ድምፅ፣ ጎረቤትም እንዲሰማ አድርጋ ነገረቻቸው። ነውሩን በወባ ሸፍና ብታልፈው ክብሯ ይጠበቅ እንደነበር የመከሯት ሴቶች ነበሩ፤ «በቁሙ ላለ ሰው ተዝካር አላወጣም፣ እናንተም እንድታወጡ አልፈቅድም» አለቻቸው። «እርሻውንም የእሱ ልጅ እዚህ አለችና ምርቱን ከገበሬ ጋር እኩል እየተካፈልኩ አሳርሰዋለሁ።» አያ ጫኔ ወንድማቸው በመኖሩ ይደሰቱ በሥራው ያፍሩ ግራ ገብቷቸው ተነሥተው ጉልበቷን ሊስሙ ሲሉ ከለከለቻቸው። እርሻውን ከዚያ ዓመት ጀምሮ ያረሱልን ራሳቸው ናቸው።

ጥር ላይ ባለ ካባው እንደገና ሲታይ፣ ከወትሮው የበዛ ሰው መጣ፤ ግማሹ እናቴን ሊያይ እንደ መጣ ይገባኝ ነበር። መጨረሻው ደርሶ ሕዝቡ ሲያጨበጭብ ይበልጣል ከልማዱ «እናቱም ዘመድ ቤት...» ብሎ ሲጀምር፣ እናቴ ከበሩ፣ «ተው፣ ከራስህ አትጣፍ» አለችው። «ፊልሙ አይናገርም በላቸው። ትቷት ሄደ፣ የደረሰችበት አይታወቅም በል።» ይበልጣልም አርጩሜውን ዝቅ አድርጎ እንደ ታዘዘው አለ። ማንም አልሳቀም፤ የበርበሬ ነጋዴው ብቻ «እንዲህ ሲነገር ይሻላል» ብሎ ጋቢውን አራግፎ ተነሣ።

ዛሬ ሰው እንደዚያ አይጠፋም። ያኔ አንድ ሰው መኖሩን ለማወቅ እናቴ መተማ ድረስ መውረድ ነበረባት፤ አሁን አባቴ በየእንቁጣጣሹ ራሱ ይደውላል፣ ስለ ጤናውና ስለ ዝናቡ እናወራለን፣ እናቴም አጠገቤ ሆና ትሰማለች። ፊልሞቹ ግን ያው ናቸው። ካባቸው አምሯል፣ ክፍላቸው በዝቷል፣ ሰውን ጥሎ መሄዳቸው አልቀረም። ባለፈው እሑድ ልጄ ከአያቱ ጋር አንዱን ሲያይ፣ እናቴ ዛሬም ወንበሯን ወደ በሩ አስጠግታ፣ ጀግናው ትቶት የሄደው ወንድሙስ ብላ ጠየቀችው።

«ቀጣዩ ክፍል ላይ ይነገራል፣ እማማ።»

«ካልተነገረስ?»

ልጄ ትከሻውን ነቀነቀና ወደ እኔ ዞሮ፣ «እማ፣ በስልክ የምታወሪው አባትሽስ ለምን አይመጣም?» አለኝ። እናቴን አየኋት። በእሺታ ራሷን ነቀነቀችልኝ። ቴሌቪዥኑን አጠፋሁትና፣ ከመናኸሪያው ጀምሬ፣ ከራሴ ምንም ሳልጥፍ ነገርኩት።